የኩዊር ንድፈ ሐሳብን ከሥራ መልስ ማጥናት፦ ለጎልማሳ የኢንተርኔት ተማሪ የአሠራር መመሪያ

የኩዊር ንድፈ ሐሳብ «ወንድ»፣ «ሴት»፣ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚባሉት ክፍሎች ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ የጥናት ዘርፍ ነው። ይህን በኢንተርኔት ለመማር ለመጀመሪያ ጊዜ ስመዘገብ ከሦስት ሳምንት በላይ አልዘለቅሁም። ከንባብ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ የገነነውን መጽሐፍ መርጬ ከገጽ አንድ ጀመርሁ። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል፤ ተመልሼ ሳነብ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። በክፍለ ጊዜው ካሜራዬን ዘግቼ ሌሎች ሲከራከሩ አዳምጥ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ቀረሁ፤ መቅረቴንም ያስተዋለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዓመት በኋላ እንደገና ተመዝግቤ ጨረስሁ። በመካከሉ ብልህ አልሆንሁም፤ የገባሁበት በር ነው የተለየው። ሁለተኛዋ አስተማሪያችን በመጀመሪያው ምሽት አንድም የንድፈ ሐሳብ ቃል አልተነፈሱም። ከሥራ ስለተባረሩ አምስት ሴቶች ነገሩን፤ ከዚያም «ዳኛው ያላዩት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። አሥራ ስምንት ሰው በየመስኮቱ ዝም አለ። ይህ መመሪያ በዚያ በር መግባት ለሚፈልጉ፣ ቀን ሥራ ውለው ማታ ስክሪን ፊት ለሚቀመጡ አዋቂዎች ነው።

አንባቢውን «እርስዎ» እያልሁ የምጠራው ለአክብሮት ብቻ አይደለም። ሌላም ምክንያት አለው፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ከመክፈልዎ በፊት የንባብ ዝርዝሩን ያስልኩ

የኮርሱን ርዕስ አይመኑ። «ኢንተርሴክሽናል» (ዘር፣ ጾታና መደብ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚያይ) የሚለውን ቃል ርዕስ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። የየሳምንቱን የንባብ ዝርዝር ጠይቀው ይቀበሉና አንድ ነገር ይፈልጉ፦ የጥቁር ሴቶች፣ የስደተኞች፣ የድሃ ሠራተኞችና የአካል ጉዳተኞች ጽሑፎች የገቡት የት ነው? ሁሉም ዘጠነኛው ሳምንት ላይ «ዘርና ሌሎች ጉዳዮች» ተብለው በአንድ ምሽት ከታጨቁ፣ ያ ኮርስ ስለ ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ የተጨመሩ ማጣፈጫ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀምረው በየንባቡ የሚገኙበትን ኮርስ ይምረጡ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓት ይጠይቁ። ክፍለ ጊዜው በቀጥታ ነው ወይስ ተቀርጾ ይቀመጣል? የቀረ ሰው ምን ያደርጋል? የመጨረሻው ሥራ ፈተና ነው ወይስ ጽሑፍ? ለእኔ ሃያ ገጽ የሆነ የዚህ ዘርፍ ጽሑፍ በመጀመሪያው ወር አራት ምሽት ይፈጅብኝ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ወደ ሁለት ወርዷል። በሳምንት ሦስት ረጅም ጽሑፍ የሚያዝ ኮርስ ሥራ ለሌለው ሰው የተሰናዳ ነው፤ ይለፉት።

ደረጃ 2፦ ስምዎን፣ ድምፅዎንና ኮምፒውተርዎን ያሰናዱ

የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በበርካታ አገሮች ሕግ ወንጀል ነው፤ ወንጀል ባልሆነበትም ቦታ ሥራን፣ ቤትንና ዘመድን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ ደረጃ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። ትምህርቱን የሚከታተል ሰው ሁሉ ኩዊር (ከተለመደው የጾታና የፍቅር ሥርዓት ውጭ የሚኖር) ነው ማለት እንዳልሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከኋላዎ የሚያልፍ ሰው ግን ላያውቅ ይችላል።

በዙምም ሆነ በሌላ መገናኛ ከመግባትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ስም ይመልከቱ፤ የመሥሪያ ቤትዎ አካውንት ሙሉ ስምዎንና የድርጅቱን ስም ይዞ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ትምህርት የግል ኢሜይል ይክፈቱ። ትምህርቱ የሚቀረጽ ከሆነ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ። የጽሑፍ መልእክት ሲልኩ ተቀባዩ አንድ ሰው ይሁን ሁሉም፣ ከመላክዎ በፊት ደግመው ይዩ፤ ለአንዲት የክፍል ጓደኛ ብቻ መስሎኝ የላክሁትን ሐሜት አስተማሪዋ ሲያነብቡት አይቻለሁና። ኮምፒውተሩን ከቤተሰብ ጋር የሚጋሩ ከሆነ በአሳሹ ላይ የራስዎን መግቢያ ይፍጠሩ፤ የጆሮ ማዳመጫም አይርሱ።

ደረጃ 3፦ ባለ ሁለት ዓምድ የቃላት ደብተር ይክፈቱ

ይህን ደረጃ የሚዘልል ተማሪ እንደ እኔ በአራተኛው ሳምንት ይቀራል።

ደብተሩን መሐል ላይ በመስመር ይክፈሉት። በግራ የጽሑፉን ቃል እንደሚነበበው በፊደላችን ይጻፉ። በቀኝ ትርጉሙን በአንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ በአንድ ቃል መተርጎም ለጊዜው ክልክል ነው። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ።

«ፐርፎርማቲቪቲ» የሚለውን የአሜሪካ ፈላስፋ የሆኑትን የጁዲት በትለርን ቃል ብዙ ሰው «ትወና» ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ ቀጥሎ «ጾታ ትወና ከሆነማ ልብሱን አውልቆ ሌላ መልበስ ነው» ይልና በትለር ያላሉትን ይዞ ይከራከራል። ቃሉ የመጣው ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጄ. ኤል. ኦስቲን ነው፤ በ1955 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሃርቫርድ ባሰሙትና በ1962 በመጽሐፍ በወጣው ትምህርታቸው፣ አንዳንድ ንግግር ነገርን የሚገልጽ ሳይሆን ነገርን የሚፈጽም ነው ብለው ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ይህ አይከብደውም። ዳኛ «ፈርጃለሁ» ሲል ፍርድን እያወራ አይደለም፤ እየፈረደ ነው። «መርቄሃለሁ» ማለት ራሱ ምርቃት ነው፤ «ገዝቼሃለሁ» ማለትም ራሱ ግዝት። በትለር ይህንን ወስደው፣ ሕፃን ሲወለድ «ሴት ናት» የሚለው ቃል የነበረን ነገር ማሳወቂያ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ አጠራር፣ አለባበስና ቁጣ እየተደጋገመ ሰውየውን የሚቀርጽ ትእዛዝ እንደሆነ ይከራከራሉ። ተዋናይ መድረኩን ትቶ ቤቱ ይገባል፤ እዚህ ግን የሚገባበት ሌላ ቤት የለም። እንግዲህ በቀኙ ዓምድ የሚጻፈው ይህን የመሰለ ነው፦ «እየተደጋገመ ሲነገርና ሲደረግ የተናገረውን ነገር እውን የሚያደርግ ተግባር»። ረጅም ነው፤ ይሁን።

«ሴክስ» እና «ጀንደር» ላይ አማርኛ ቀድሞ ሠርቶልናል፦ ጾታ እና ሥርዓተ ጾታ። ሁለተኛው ቃል የቢሮ ሽታ ቢኖረውም በውስጡ «ሥርዓት» አለ፤ ነገሩ በሰዎች የተደራጀ መሆኑን በስሙ ይናገራል። ይጠቀሙበት።

«ኩዊር» በእንግሊዝኛ መጀመሪያ «እንግዳ፣ ያልተለመደ» ማለት ነበር፤ ቀጥሎ ስድብ ሆነ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰደቡት ሰዎች ራሳቸው አንሥተው መጠሪያቸው አደረጉት። ይህን ታሪክ በአንድ የአማርኛ ቃል ማጓጓዝ ስለማይቻል ቃሉን እንዳለ መዋስ ይሻላል። «ግብረ ሰዶም» የሚለውን በትርጉምነት አያስገቡ፤ ከጠፋች ከተማ ስም የተሠራ ነውና ገና ሲጠሩት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ገላጭ ቃል ሲያስፈልግ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ማለት በቂ ነው። ማንነትን ለሰው መግለጥን የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች «ከቁም ሳጥን መውጣት» ይሉታል፤ ይህን ቃል በቃል የገለበጠ ተማሪ ክፍሉን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም።

«ኢንተርሴክሽናሊቲ» በአማርኛ ጽሑፎች «ተደራራቢ» በሚል ቃል ሲገለጽ ይታያል። እኔ አልወደውም። መደራረብ አንዱ በሌላው ላይ መጫን ነው፤ ሴትነት ሲደመር ጥቁርነት ሲደመር ድህነት ያስመስላል። የቃሉ ሥር መስቀለኛ መንገድ ነው፤ ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ደረጃ ይታያል። በደብተሬ «የመስቀለኛ መንገድ እይታ» ብዬዋለሁ፤ እርስዎ የተሻለ ካገኙ የራስዎን ይጻፉ።

አሁን ወደ «እርስዎ» ልመለስ። አማርኛ ተናጋሪ ነጠላ ሰውን ሲያነጋግር በአንተና በአንቺ መካከል መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ግሱ ሳይቀር ጾታ ይዞ ይወጣል። የሰውየውን ጾታ ሳያውቁ «ግባ» ወይም «ግቢ» ማለት አይቻልም። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ሲመጡ ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ አክብሮት ጾታን ከሰዋስው ያወጣል። ናይጄሪያዊቷ ምሁር ኦዬሮንኬ ኦዬውሚ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዮሩባ ቋንቋ ተውላጠ ስሞች ወንድና ሴትን እንደማይለዩ፣ ይልቁንም ታላቅና ታናሽን እንደሚለዩ ያሳያሉ፤ ከዚህም ተነሥተው ጾታ የኅብረተሰብ መደልደያ የሆነው በየትም ቦታ ነው የሚለውን ግምት ይሞግታሉ። የእኛ ቋንቋ ሁለቱንም ይዟል። የደብተርዎን የመጨረሻ ገጽ ለዚህ ይተዉት፦ በአንድ ቀን ውስጥ አማርኛ ስንት ጊዜ ጾታ እንደጠየቀዎት ይቁጠሩ። በተግባርም ይጠቅማል፤ በክፍሉ ውስጥ እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ ያላወቁትን ሰው «እርስዎ» ካሉት አይሳሳቱም። በትለር በእንግሊዝኛ ጾታ የሌለውን ተውላጠ ስም ይጠቀማሉ፤ በአማርኛ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ምንም አልተቸገርሁም።

ደረጃ 4፦ አንዱን ጉዳይ በወረቀት ላይ ይሳሉ

ስለ አምስቱ ሴቶች እነሆ። የአሜሪካ መኪና አምራች የሆነው ጄኔራል ሞተርስ ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አይቀጥርም ነበር። በ1970ዎቹ ኢኮኖሚው ሲዳከም ኩባንያው ሠራተኛ ለመቀነስ የተጠቀመበት መለኪያ የአገልግሎት ዘመን ሆነ፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን አጡ። አምስቱ ከሰሱ። በ1976 የተሰጠው ፍርድ እንዲህ ይላል፦ ኩባንያው ከ1964 በፊትም ሴቶችን ቀጥሯል፤ ስለዚህ የጾታ መድልዎ የለም። የዘር መድልዎን በተመለከተ ደግሞ በዚያው ኩባንያ ላይ ከቀረበ ሌላ የዘር ክስ ጋር እንዲቀላቀሉ ተመከሩ። ሁለቱን አጣምረው «እንደ ጥቁር ሴቶች» መክሰስ ግን አልተፈቀደላቸውም።

ባዶ ወረቀት ይውሰዱና አራት ማዕዘን ሠርተው በመስቀል ይክፈሉት። ከላይ «ወንድ» እና «ሴት» ይጻፉ፤ ከጎን «ነጭ» እና «ጥቁር»። አሁን ዳኛውን ይሁኑ። «ሴት ተቀጥራ ታውቃለች?» ብለው ይጠይቁ፤ ዓይንዎ ወደ ሴቶቹ ዓምድ ሄዶ የነጭ ሴቶችን ሳጥን አግኝቶ «አዎ» ብሎ ይመለሳል። ቀጥለው ስለ ዘር ብቻ ይጠይቁ፤ ዓይንዎ በጥቁሮቹ መደዳ ይሄዳል፤ በዚያ መደዳ ግን አምስቱ የሚናገሩት እንደማንኛውም ጥቁር ሠራተኛ ነው፤ ሴት በመሆናቸው የደረሰባቸውን ለማንሣት ቦታ የለም። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ይመስላሉ። ሁለቱም በታችኛው ጥግ ያለችውን ሳጥን ለብቻዋ አይጠይቁም። እኔ ጣቴን እዚያች ሳጥን ላይ ያደረግሁበት ምሽት ነው ትምህርቱ የገባኝ።

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ቃሉን የፈጠሩት ይህንና ሁለት ሌሎች ፍርዶችን ሲተነትኑ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመን ሰው መኪና ከየትኛውም አቅጣጫ ሊገጨው ይችላል፤ አንዳንዴም ከሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ። ጉዳት የደረሰበት ሰው የትኛው መኪና እንደገጨው ለይቶ ካላስረዳ አንቡላንስ አይመጣም ብሎ የሚወስን ሥርዓት ነው የክሬንሾ ዒላማ። እንግዲህ ሐሳቡ የሰውን ማንነት እየቆጠሩ ማን የበለጠ እንደተጨቆነ የሚያስልበት ሚዛን አይደለም። የሚጠይቀው ሕጉ፣ ቅጹ፣ ንቅናቄው ወይም ንድፈ ሐሳቡ ማንን እንዳላየ ነው።

በየሳምንቱ ንባብ ሲጀምሩ ይህቺን ባለ አራት ሳጥን ወረቀት እንደገና ይሳሉ፤ የጎኑን ስም ብቻ ይለውጡ። አንዳንድ ሳምንት አራት ሳጥን አይበቃም፤ ሲያንስዎት ደስ ይበልዎት።

ደረጃ 5፦ ሁለቱ ሐሳቦች የሚጋጩበትን ቦታ ቀድመው ይወቁ

አብዛኛው አስተማሪ ይህን ቶሎ አይናገርም። ኢንተርሴክሽናሊቲ ስም ያስፈልገዋል፦ «ጥቁር ሴቶች» ካላልን በአምስቱ ላይ የደረሰውን ማየት አንችልም። የኩዊር ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ስምን ይጠራጠራል፦ «ሴት»፣ «ወንድ»፣ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚባሉት ክፍሎች ከየት መጡ፣ ማንንስ ለመቆጣጠር ተሠሩ ይላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1976 ባወጡት መጽሐፍ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በአሮጌው ሕግ የተከለከለ ድርጊት እንደነበር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች እጅ ግን የአንድ ዓይነት ሰው መለያ እንደሆነ ጽፈዋል። አንዱ ስሙን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ስሙን ይፈታል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያጠና ሰው በዚህ መሳሳብ ውስጥ ይኖራል። መፍትሔ ፈልገው አይድከሙ። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ዳር ላይ «ይይዛል» ወይም «ይፈታል» ብለው ምልክት ያድርጉ። ጥሩዎቹ ጸሐፊዎች በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ሲያደርጉ ያገኟቸዋል።

ከእነዚህ አንዷ አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ምሁር ካቲ ኮኸን ናቸው። በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ የኩዊር ፖለቲካ ዓለምን «ኩዊር» እና «ተቃራኒ ጾታ አፍቃሪ» ብሎ ለሁለት መክፈሉን ይነቅፋሉ። በአሜሪካ በባርነት የነበሩ ሰዎች ጋብቻ በሕግ አይታወቅም ነበር፤ በመንግሥት ድጎማ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ድሃ ጥቁር እናትም የምትወደው ወንድ ቢሆንም በፖለቲከኞች አንደበት የብልግና ምሳሌ ተደርጋ ቀርባለች። እነዚህ ሰዎች ተቃራኒ ጾታ አፍቃሪ ናቸው፤ ሥርዓቱ የሚሸልመው ቤተሰብ ውስጥ ግን አልገቡም። ታዲያ ማን ከማን ጋር ነው? አንድ ጽሑፍ ብቻ የማንበብ ጊዜ ካለዎት ይህንን ያንብቡ።

ደረጃ 6፦ በራስዎ ቅደም ተከተል ያንብቡ

አስተማሪው የሰጡት ቅደም ተከተል ለክፍሉ ነው፤ ቀድመው የሚዘጋጁበት የራስዎ መሆን አለበት። እኔ ዛሬ ብጀምር እንዲህ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ የኮምባሂ ሪቨር ኮሌክቲቭ የ1977 መግለጫ። ጥቂት ገጽ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። የጻፉት በቦስተን የነበሩ ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ የዘር፣ የጾታ፣ የመደብና የፍቅር ጭቆና በሕይወታቸው ተነጣጥሎ እንደማይመጣ ክሬንሾ ቃሉን ከመፍጠራቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጽፈውታል። ስማቸውን የወሰዱት ከባርነት አምልጠው ሌሎችን ያስመለጡት ሃሪየት ተብማን በ1863 ከመሩትና ከ700 በላይ ባሪያዎችን ነፃ ካወጣው የኮምባሂ ወንዝ ዘመቻ ነው። ከዚያ የጥቁር አሜሪካዊቷን ገጣሚ የኦድሬ ሎርድን አጫጭር ድርሰቶች፤ በንግግር ስለተሰናዱ ድምፅ አላቸው። ቀጥሎ ክሬንሾ፣ ቀጥሎ ኮኸን።

ፉኮ፣ በትለርና አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ኢቭ ኮሶፍስኪ ሴጅዊክ ከዚህ በኋላ ይምጡ። የበትለርና የሴጅዊክ ዝነኛ መጻሕፍት የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ1990 ነው፤ ጣሊያን ተወላጇ ምሁር ቴሬሳ ደ ሎሬቲስ «የኩዊር ንድፈ ሐሳብ» የሚለውን ስም በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ለተካሄደ የምሁራን ጉባኤ የሰጡትም በዚያው ዓመት ነበር። ደ ሎሬቲስ ገና ያኔ የዘር ጉዳይ እንዳይዘነጋ አሳስበው ነበር፤ ብዙ ሳይቆዩ፣ በ1994፣ ቃሉን ትተውታል። ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ የተወው የጥናት ዘርፍ መማር ደስ የሚል ነገር አለው።

መጨረሻ ላይ ዘርንና ኩዊርነትን አጣምረው የጻፉት ምሁራን ሮድሪክ ፈርጉሰንና ሆዜ ኤስቴባን ሙኞዝ፣ ከአፍሪካ ደግሞ ከኦዬውሚ ሌላ ኡጋንዳዊቷ የሕግ ምሁር ሲልቪያ ታማሌ በ2011 ስለ አፍሪካ ጾታዊ ሕይወት ያሰናዱት የጽሑፎች ስብስብ። ከአፍሪካ የመጡትን እንደ ተጨማሪ ንባብ አይዩዋቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ሳይናገሩ የያዙትን ግምት የሚያሳዩን ከሌላ አኅጉር የተነሡት የእነርሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ደረጃ 7፦ ከባዱን ገጽ በሦስት ዙር ይጨርሱት

በመጀመሪያው ዙር እርሳስ ሳይዙ ያንብቡ፤ ያልገባዎትን ይለፉት። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ ጸሐፊው አሁን የሚቃወሙት ማንን ነው? የዚህ ዘርፍ ጽሑፍ ሲበዛ ክርክር ነው፤ ተቃዋሚው ስሙ ሳይጠራ ሊቀር ይችላል፤ እርሱ ሲገኝ ዓረፍተ ነገሩ ይፈታል። በሦስተኛው ዙር መጽሐፉን ዘግተው ገጹን ለአንድ ዘመድዎ እንደሚያስረዱ አድርገው በአማርኛ ጮክ ብለው ይናገሩ። የሚንተባተቡበት ቦታ ተመልሰው የሚያነብቡት ቦታ ነው።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ አንድ አደጋ አለበት፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲከብድ ወርቁ ከታች የተቀበረ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ የተቀበረ ነገር የለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ወይም በደንብ አልተጻፈም። እንዲህ ብሎ መፍረድም ይፈቀዳል። የማሽን ትርጉምን በተመለከተ፣ የአንቀጹን አቅጣጫ ለማየት ይረዳል፤ ቃላቱን ግን ከደብተርዎ ያረጋግጡ፤ ጾታና ሥርዓተ ጾታን ለይቶ እንደሚያስቀምጥ መተማመን አይቻልም።

ደረጃ 8፦ በክፍሉ ውስጥ ሲናገሩ

ከጽሑፉ ይጀምሩ። «እኔ እንደማምነው» ከማለት «በዚህ ገጽ ሦስተኛው አንቀጽ» ማለት ይቅደም። አማኝ ተማሪ ከሆኑና ከጸሐፊዎቹ ጋር የማይስማሙ ከሆነ ትምህርቱ ይዘጋብዎታል ማለት አይደለም፤ ንድፈ ሐሳብን መረዳት የሃይማኖት ቃል ኪዳን መግባት አይደለም። ከእርስዎ የሚጠበቀው ሐሳቡን ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ በትክክል መግለጽ ነው። ተቃውሞው ከዚያ ይቀጥላል፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማ ተቃውሞ ይሆናል።

በአነስተኛ ቡድን ሲከፋፈሉ አንድ ሰው ስለ ራሱ ከተናገረ፣ የተናገረው በዚያ ክፍል ይቅር። ያንን ሰው የቡድኑ ምሳሌ አድርገው ጥያቄ አያዝንቡበት። በእኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ስለ ስደቷ አንድ ጊዜ ተናገረች፤ ከዚያ ወዲህ ስደት በተነሣ ቁጥር ሁሉም መስኮቷን ያይ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ካሜራዋን ዘጋች። ማናችንም ክፉ ሐሳብ አልነበረንም።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻውን ጽሑፍ ከአንድ ቅጽ ላይ ይጻፉ

ትልቅ ርዕስ አይምረጡ። በእጅ የሚያዝ ነገር ይምረጡ፦ ማመልከቻ፣ የሥራ መመሪያ፣ የመታወቂያ ቅጽ። እኔ የመረጥሁት የሆስፒታል መግቢያ ቅጽ ነበር፤ በውስጡ «ባል/ሚስት» የምትል አንዲት መስመር አለች።

በመጀመሪያው ረቂቄ ያየሁት አንድ ሰው ነው፦ የወንድ አጋር ያለው ወንድ። መስመሯ አጋሩን አታውቀውም። «የትዳር አጋር» ተብላ ትለወጥ ብዬ ጨረስሁ። አስተማሪዋ በዳሩ ላይ «ሌላ ማን አለ?» ብለው መለሱልኝ።

በሁለተኛው ረቂቅ ሌላ ሰው አመጣሁ፦ በሰው ቤት የምትሠራ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የተያዘ፣ ሴት የምታፈቅር ስደተኛ። ለእርሷ የቃሉ መለወጥ ምንም አይፈይድም፤ የአጋሯን ስም ከጻፈች ወረቀቱ አሠሪዋ እጅ ሊገባ ይችላል። መስመሯን ባዶ ትተዋታለች፤ ነርሷም «ብቸኛ» ብላ ትመዘግባታለች። በሦስተኛው ረቂቅ የሟች እኅቷን ልጆች የምታሳድግ፣ ባል የሌላት ሴት ጨመርሁ፤ ቅጹ ላይ ሚስትም እናትም አይደለችም። ኮኸንን ያነበበ ሰው ይህቺን ሴት ሊዘነጋት አይችልም። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳቆም የቅጹ ችግር ከቃሏ ይሰፋል፦ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቤት እንዳለውና በቤቱ ያለውን መናገር እንደማይጎዳው አስቀድሞ ገምቷል። የጽሑፌ ሐሳብ ይህ ሆነ፤ ስምንት ገጽም በቃው።

የእርስዎንም በዚህ መንገድ ይሥሩት። ቅጹን ይያዙ፣ ያላየውን አንድ ሰው ያግኙ፣ መፍትሔ ይጻፉ፤ ከዚያ ያ መፍትሔ የማይደርስለትን ሌላ ሰው ይፈልጉ። ከሦስተኛው በኋላ ያቁሙ፤ አራተኛና አምስተኛ ሲጨምሩ ጽሑፉ የስም ዝርዝር ይሆናል፤ ስለ ማንም የሚናገረው ነገር አይኖርም።

ከማስረከብዎ በፊት አንዴ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ «ሁሉም ሴቶች»፣ «ኩዊር ሰዎች» የሚሉት ቃላት በተነሡ ቁጥር እርሳስዎን አስቀምጠው «የትኞቹ?» ይበሉ። መልስ ያለው ይቆያል፣ መልስ የሌለው ይሰረዛል። የእኔ ጽሑፍ በዚህ ወንፊት ሁለት ገጽ ጎድሎ ነው የተረከበው።